«ወደቀ» የተባለ ልጅ በየት በኩል ይነሣል?

በአማርኛ፣ ፈተና ሲበላሽ የሚወድቀው ልጁ ነው። «የእገሌ ልጅ ወደቀ» ይባላል። ለዘብ ያለ አነጋገርም አላጣንም፤ «ነጥብ አልመጣለትም»፣ «ዘንድሮ አልቀናውም» እንላለን። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት በተለቀቀ ማግስት ግን ደብረ ማርቆስ ውስጥ ቡና በሚፈላበት ቤት ሁሉ የሚሰማው አጭሩ ግስ ነው። ልጁ ቁጥሩን በስልኩ፣ ቴሌግራም ላይ፣ ለብቻው ያየዋል። «ወደቀ» የምትለዋን ቃል ግን ከሌላ ሰው አፍ ይሰማታል፣ ከዚያም ለራሱ ይደግማታል።

ይህን ግስ የሚሸከመው ሰው ቁጥር ካለፉት ጥቂት ዓመታት ወዲህ በጣም በዝቷል። ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ መሰጠት በጀመረበት በ2014 የትምህርት ዘመን ከ896 ሺህ ከሚበልጡት ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ሆኑ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ወደ 8.4 በመቶ ከፍ አሉ። ኩረጃ ሲቀር የታየው የትምህርታችን እውነተኛ መልክ ይህ ነው የሚለው የመንግሥት ማብራሪያ ብዙ እውነት ይኖረው ይሆናል። ሪሜዲያል የሚባለው የማካካሻ ትምህርትም ለብዙዎች ሁለተኛ በር ከፍቷል። እኔን የያዘኝ ጥያቄ ሌላ ነው። ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላዩ በአንድ ቀን «ወደቀ» ሲባል፣ እያንዳንዱ ለብቻው የወደቀ የሚመስለው ለምንድን ነው?

ኀፍረት በመቶኛ ስለማይካፈል ይመስለኛል። ልጁ ራሱን የሚያስተያየው ከአገሪቱ ቁጥር ጋር ሳይሆን ካለፈችው የጎረቤት ልጅ ጋር ነው። በጎጃም ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። በአማራ ክልል ሐምሌ 28 ቀን 2015 የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ከታወጀበት ጊዜ ወዲህ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ከርመዋል፤ መምህራንም ተማሪዎችም ተበትነዋል። ልጁ ይህን ያውቃል። መንገዱ ሲዘጋ፣ ኔትወርኩ ሲጠፋ፣ መጽሐፉ ሳይደርሰው ሲቀር በዓይኑ አይቷል። ሆኖም ማታ ተኝቶ ሲያስብ ጥፋተኛ ሆኖ የሚያገኘው ራሱን ብቻ ነው። የሥነ ልቦና ባለሙያዎች ለራስ የሚሰጥ ዝቅተኛ ግምት የሚሉት ነገር አንዱ ምልክቱ ይህ ነው፤ ምክንያቱ በውጭ ተዘርግቶ እየታየ፣ ፍርዱ በውስጥ ይሰጣል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። ራስን ዝቅ ማድረግ በእኛ አገር በሽታ አይደለም። «እኔ ነኝ» ያለ ይናቃል። ልጅን በሰው ፊት ማሞገስ ለዓይን ማጋለጥ ነው ብለው የሚፈሩ እናቶች ዛሬም ብዙ ናቸው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ሞሪስ ሮዘንበርግ በ1965 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ዐሥር ዐረፍተ ነገሮች ያሉት፣ ለራስ የሚሰጥ ግምት መለኪያ ዓለምን ሲዞር የገጠመውም ይኸው ነው። ዴቪድ ሽሚት እና ዩሪ አሊክ በ2005 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ 53 አገሮችን ያካተተ ጥናት፣ ስምንተኛው ዐረፍተ ነገር በብዙ አገር ከሌሎቹ ጋር እንደማይገጥም አሳይቷል። ዐረፍተ ነገሩ ሰውየው ለራሱ ያለው አክብሮት ከዚህ ቢበልጥ ይመኝ እንደሆነ ይጠይቃል። ትሕትናን በልጅነቱ የተማረ ሰው «አዎ፣ እመኛለሁ» ቢል ምን ይገርማል? ትሑት ሰው በሰው ፊት ዝቅ ይላል፤ ብቻውን ሲሆን ግን ዋጋውን ያውቃል። የታመመው ብቻውን ሲሆንም ዝቅ እንዳለ ነው። በወረቀት ላይ ሁለቱ አንድ ዓይነት ምልክት ሊያደርጉ ይችላሉ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ግን ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ሁለተኛው ሰው በከተሞቻችን በብዛት የሚቀርብለት መድኃኒት አነቃቂ ንግግር ነው። አዳራሽ ይሞላል፣ ማይክ ይጮኻል፣ «እችላለሁ በሉ!» ይባላል፣ ሦስት ጊዜ ይደገማል። ክፋት የለበትም፤ ለአንዳንዱ ሰው ይሠራል። ችግሩ ይበልጥ ለሚያስፈልገው ሰው አለመሥራቱ ነው። በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲዋ ጆአን ውድ እና ባልደረቦቿ በ2009 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ተሳታፊዎች ደወል በጮኸ ቁጥር እኔ የምወደድ ሰው ነኝ የሚል ሐሳብ ለራሳቸው እንዲደግሙ ተደረገ። ለራሳቸው ጥሩ ግምት የነበራቸው ትንሽ ደስ አላቸው። ዝቅተኛ ግምት የነበራቸው ግን ካልደገሙት መሰሎቻቸው ይልቅ ባሰባቸው። አስተውሎ ላየው ይህ የሚጠበቅ ነው። ለራሱ «የማልረባ ነኝ» ብሎ የፈረደ ሰው «እረባለሁ» ሲል በውስጡ ተቃዋሚ ይነሣና «ምስክርህ የታለ?» ይለዋል። ምስክር ከሌለው ሁለተኛ ጊዜ ይረታል።

ምስክር የሚለው ቃል ወደ ዋናው ሕክምና ያደርሰናል። የኦክስፎርዷ ሜላኒ ፌኔል በ1997 እ.ኤ.አ. ያቀረበችው ንድፍ ለራስ በሚሰጥ ዝቅተኛ ግምት ላይ በቀጥታ ያነጣጠረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና መሠረት ሆኗል። አንድ ልጅ እናስብ፤ ደብረ ማርቆስ ያደገ፣ ሃያ ዓመት የሞላው፣ ሁለት ጊዜ የተፈተነ። ከልጅነቱ ጀምሮ ከታላቅ ወንድሙ ጋር እየተነጻጸረ «ደደብ ነኝ» የሚል የመጨረሻ ፍርድ በልቡ ጽፏል። ፍርዱ እንዳይገለጥበት ሕግ አውጥቷል፦ «እርግጠኛ ካልሆንኩ አልናገርም»፣ «ሰው ስለ ትምህርት ከጠየቀኝ እሸሻለሁ»። ውጤት ሲወጣ ሕጉ ተሰበረ። ከዚያ በኋላ በዋናው መንገድ አይሄድም፤ በጓሮ ይዞራል። የክፍል ጓደኞቹን ሲያይ ስልኩን ጆሮው ላይ ይለጥፋል። ስለሚሸሽም ሰዎች በእርግጥ ምን እንደሚሉት አንድ ቀን እንኳ ሳይሰማ ይቀራል። ሽሽቱ ፍርዱን እንደ ዘበኛ ቆሞ ይጠብቀዋል።

ሕክምናው ይህን ፍርድ ችሎት ፊት ያቀርባል። የጎጃም ሰው ለዚህ ባዕድ አይደለም። ሙግት የምንወድ ሕዝብ ነን፤ በላ ልበልሃ ብለን፣ ተጠየቅ ብለን፣ ዋስ ጠርተን፣ ለአንድ ክንድ መሬት ዓመታት የምንመላለስ። ባለሙያው ልጁን «ደደብ ነኝ ለማለትህ ማስረጃህ ምንድን ነው? በተቃራኒው የሚመሰክርስ?» እያለ ይሟገተዋል። ልጁ ሲያነጥስ ሳይቀር ራሱን የሚከስስ ስለሆነ፣ በጎ ምስክሮቹን በደብተር እየመዘገበ እንዲመጣ ይታዘዛል። ይሁንና የሕክምናው ጉልበት ያለው ከችሎቱ ይልቅ በመስክ ምልከታው ላይ ነው። «ውጤቴን ብናገር ይንቁኛል» ብሎ የተነበየውን ጽፎ ይወጣል፣ ለአንድ ሰው በግልጽ ይናገራል፣ የሆነውን ጽፎ ይመለሳል። ትንቢቱና የሆነው ነገር ጎን ለጎን ይነበባሉ።

በዚህ ንድፍ የተሠሩ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመዘኑት ኮሉቢንስኪ እና ባልደረቦቹ በ2018 እ.ኤ.አ. ያገኙትን ደግሞ የሥልጠና አዘጋጆች ሁሉ ቢያነቡት ደስ ይለኛል። በየሳምንቱ የተካሄደው ሕክምና ትልቅ ለውጥ አሳየ፤ የአንድ ቀን ዐውደ ጥናቱ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ። ፍርዱ ሃያ ዓመት የፈጀበትን ልጅ ከሻይ ዕረፍት በፊትና በኋላ በሚሰጥ ንግግር ነፃ ማውጣት አይቻልም፤ ተመልሶ መምጣት፣ መሞከርና ሪፖርት ማድረግ አለበት።

ሆኖም ሙግት አንድ ድካም አለው፦ ጎበዝ ተከራካሪ ራሱንም ይረታል። ብልህ የሆነ ግን ራሱን የናቀ ወጣት ለእያንዳንዱ በጎ ምስክር መልስ አያጣም። «አስተማሪው ያመሰገነኝ አዝኖልኝ ነው።» «እሱ ቀላል ፈተና ነበር።» በኔዘርላንድስ ኬስ ኮረልቦም ያዳበረው፣ ኮሜት የሚባለው ሕክምና ክርክሩን ወደ ጎን ይተወዋል። መነሻው ቀላል ሐሳብ ነው፤ ክፉውም በጎውም ትዝታ በአንድ ልብ ውስጥ ይኖራሉ፣ ሲጠሩ ግን ክፉው ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ ክፉውን ማስተባበል ትቶ በጎውን ማሯሯጥ ይሻላል። ልጁ ደደብ እንዳልሆነ የሚያሳይ በእርግጥ የደረሰ ነገር ይመርጣል። ለምሳሌ አባቱ ታመው ሳለ የእርሻውን ሂሳብ እሱ እንደያዘ። ታሪኩን በዝርዝር ይጽፈዋል፣ ዓይኑን ጨፍኖ ይኖረዋል፣ ያኔ እንደቆመው ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ የሚወደውን ሙዚቃ ይከፍታል፣ ይደጋግመዋል። በመጨረሻም የሚያሸማቅቀውን ሁኔታ እያሰበ ያንን ስሜት መጥራት ይለማመዳል። ከአነቃቂው ንግግር የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ አዲስ ሐሰት አያስጠናም፣ የተረሳ እውነት ያስታውሳል።

ሌላው ስሙ የገነነው ሕክምና ኢ.ኤም.ዲ.አር. ነው። በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካዊቷ ፍራንሲን ሻፒሮ ያመጣችው ሲሆን፣ ታካሚው የሚያሠቃየውን ትዝታ እያሰበ የባለሙያውን ጣት ግራና ቀኝ በዓይኑ ይከተላል። ለጦርነትና ለአደጋ ጠባሳ የታወቀ ሕክምና ነው። ይህንንና ኮሜትን ያወዳደረው የኔዘርላንድስ ጥናት በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የጭንቀት ሕመምና ለራስ ዝቅተኛ ግምት ያለባቸው 47 ሰዎች ግማሾቹ መጀመሪያ ኮሜትን ስድስት ጊዜ፣ ከዚያ ኢ.ኤም.ዲ.አር.ን ስድስት ጊዜ ወሰዱ፤ ግማሾቹ በተገላቢጦሽ። ኮሜት በግልጽ በለጠ። ይበልጥ የሚገርመው ግን ቅደም ተከተሉ ያመጣው ልዩነት ነው፦ ኢ.ኤም.ዲ.አር. ከቀደመ ተከትሎ የሚመጣው ኮሜት ይደክማል። ምክንያቱን አጥኚዎቹ ይከራከሩበት። እኔ እንደማየው ግን የሚቆምበት መሬት ያላገኘ ሰው ቁስሉን ሲከፍቱበት የሚያገኘው ቁስሉን ብቻ ነው። ጎጃም ውስጥ ከሁለት ዓመት በላይ የተኩስ ድምፅ የሰሙ ልጆችን የሚረዳ ሰው ይህን ልብ ቢለው መልካም ነው። በእርግጥ በሌሊት የሚያባንን ቅዠት ያለበት ልጅ የጠባሳውን ሕክምና ይፈልጋል። «አልረባም» የሚለውን ግን ሁልጊዜ ከጠባሳው ጋር አንድ አድርጎ ማየት ስሕተት ነው።

አሜሪካዊቷ ክሪስቲን ኔፍ በ2003 እ.ኤ.አ. የጻፈችለት፣ እንግሊዛዊው ፖል ጊልበርትም በራሱ መንገድ ያዳበረው ሌላ ጎራ ደግሞ ራስን መመዘኑን ራሱን ይተወዋል። «ምን ያህል ዋጋ አለኝ?» የሚለው ጥያቄ ወጥመድ ነው፤ ይልቅ ሲደክምህ ለራስህ ራራ ይላል። እኛ ዘንድ ይህ ቶሎ አይዋጥም። ለራስ መራራት ቅንጦት ይመስላል፣ ራስን ማባበል ይመስላል። ቃሉ ግን አለን፣ ያውም የማንም ቋንቋ የማይተካው ቃል። አይዞህ። ልጅ ሲደናቀፍ፣ ሐዘንተኛ ሲያለቅስ፣ መኪና ሲበላሽ፣ የማያውቁት መንገደኛ እንኳ «አይዞህ» ይላል። ልብ በሉ፣ «አይዞኝ» የሚል ሰው ግን ሰምቼ አላውቅም። ሰዋስዉ ይፈቅዳል፣ አፋችን እምቢ ይላል። ለሌላው የምንሰጠውን ለራሳችን የማንሰጥ መሆናችንን ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ መለኪያ ሮዘንበርግም የለው። በዚህ ጎራ የሚሠራ አማካሪ ልጁን «ከአንተ ጋር ለወደቀው ጓደኛህ ምን ትለዋለህ?» ብሎ ይጠይቀውና መልሱን በራሱ ስም እየጠራ ለራሱ እንዲጽፈው ያደርጋል። ብቻውን ያድናል አልልም፤ ለሙግቱም ለልምምዱም ግን ዘይት ይሆናል። ራሱን እየገረፈ የሚለማመድ ሰው ልምምዱንም አንድ መገረፊያ ያደርገዋል።

ከ119 ጥናቶች የተሰበሰበ አንድ ማጠቃለያ (ኒቮ እና ባልደረቦቿ፣ 2021 እ.ኤ.አ.) የእንዲህ ዓይነት ሕክምናዎች አማካይ ውጤት እውነተኛ ግን አነስተኛ መሆኑን ያሳያል። ከፊት ከተሰለፉት መካከል የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምና እና ያለፈ ሕይወትን በትዝታ የሚያስቃኙ ሕክምናዎች ይገኛሉ። ተአምር የሚሸጥ ካለ እንግዲህ ከዚህ ቁጥር ጋር ይነጋገር። በሌላ በኩልም ማስጠንቀቂያ አለ። በካሊፎርኒያ በ1986 እ.ኤ.አ. የግዛቲቱ መንግሥት ዜጎች ለራሳቸው የሚሰጡትን ግምት የሚያሳድግ ኮሚሽን አቋቁሞ ነበር፤ ትምህርትም ሥነ ምግባርም ይሻሻላል ተብሎ። ሮይ ባውማይስተር እና ባልደረቦቹ በ2003 እ.ኤ.አ. ማስረጃውን ሲፈትሹ ለራስ ጥሩ ግምት መስጠት የፈተና ውጤትን ከፍ ያደርጋል የሚያሰኝ ነገር አላገኙም። ልጁ ቢታከም ነጥቡ ይጨምራል ብሎ ለወላጅ ቃል የሚገባ አማካሪ ካለ ቃሉን ይመልስ። ሕክምናው የሚያስፈልገው ልጁ ነጥብ ቢያመጣም ባያመጣም ቀና ብሎ እንዲሄድ ነው።

ማን ያክመው? በአማርኛ «አማኑኤል ገባ» ማለት ትርጉሙ ስለሚታወቅ፣ በጣሊያን ዘመን የተቋቋመው የአዲስ አበባው የአእምሮ ሆስፒታል ስም ብቻውን ብዙ ወጣት ከበር ይመልሳል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ2003 እ.ኤ.አ. ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን እስኪጀምር ድረስ ባለሙያዎቹ በጣት ይቆጠሩ ነበር፤ ዛሬም ለዚህ ሕዝብ ከበቂ በታች ናቸው። የአእምሮ ሐኪም ደግሞ ሞትን የሚመኘውን፣ እንቅልፍና ምግብ ያጣውን ልጅ ሊያይ ይገባዋል፤ እንዲህ ያለው ልጅ ሳይዘገይ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ለቀሩት ግን ሌሎች ያሳዩት መንገድ አለ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ በ2006 እ.ኤ.አ. በጀመረው የወዳጅነት አግዳሚ ወንበር፣ አጭር ሥልጠና የወሰዱ አሮጊቶች በጤና ጣቢያ ግቢ ተቀምጠው ያማክራሉ። በ2016 እ.ኤ.አ. በታተመ ሙከራም የሚያማክሯቸው ሰዎች ጭንቀትና ድባቴ ቀንሷል። የዓለም ጤና ድርጅትም በዚያው ዓመት ሐኪም ያልሆነ ሰው በአምስት ቀጠሮ ሊሰጠው የሚችል የምክር አገልግሎት መመሪያ አውጥቷል። እነዚህ የተሠሩት ለጭንቀትና ለድባቴ ቢሆንም፣ በየሳምንቱ ተመልሶ መምጣትን፣ ችግርን መቆራረስንና ሞክሮ መመለስን ከፌኔል ንድፍ ጋር ይጋራሉ። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 በሩን ከከፈተ ወዲህ ከተማዋ የተማረ ወጣት ያጣችበት ጊዜ የለም። ስድስት ሆነው በየሳምንቱ የሚገናኙ፣ አንድ የሠለጠነ ሰው የሚመራቸው የወደቁ ልጆች ቡድን ለማቋቋም የሚጠይቀው አንድ ክፍልና አንድ ጥቁር ሰሌዳ ነው።

ቡድኑ እንዴት ይመራ ለሚለው ደግሞ ከደብረ ኤልያስና ከዲማ ቅኔ ቤቶች የተሻለ መምህር ያለን አይመስለኝም። አልበርት ባንዱራ በ1977 እ.ኤ.አ. ሰው «እችላለሁ» ብሎ የሚያምንባቸውን አራት ምንጮች ሲዘረዝር ከሁሉ የሚበረታው ራሱ ሠርቶ ያየው ነው ብሎ ነበር። የቅኔ ቤት ተማሪ ይህን ሳይነግሩት ይኖረዋል። በመጀመሪያ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ይቆጥራል። እሷን ሳይችል ሦስት ቤት ወዳለው አይሻገርም፤ ከዚያ አምስት፣ ስድስት፣ እያለ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይደርሳል። ቀን የቆጠረውን ማታ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያርማሉ፣ ያፈርሳሉ። የፈረሰው ግን ቅኔው ነው። ነገ ሌላ ይዞ ይመጣል፤ ካላመጣ ነው ነውሩ። ዘመናዊ ትምህርት ቤታችን ተማሪውን ለአሥራ ሁለት ዓመት አስቀምጦ በአንድ ሳምንት ሲያፈርሰው፣ ቅኔ ቤት በየቀኑ እያፈረሰ ይገነባል። የቅኔ ቤት ልምጭና ረኀብም እንደነበረበት አልረሳሁም፤ ያንን ወደ ቡድኑ አናምጣው። ደረጃውን ግን እንዋሰው፦ መጀመሪያ ለአንድ የማያውቁት ሰው፣ ቀጥሎ ለአንድ ጎረቤት፣ በመጨረሻ ለአባት።

አባት መጨረሻ የሆኑት በምክንያት ነው። እነዚህ ሕክምናዎች አብዛኞቹ የተፈተኑት ሰው ለብቻው ቤት ተከራይቶ በሚኖርበት አገር ነው። የእኛ ልጅ ከሕክምናው ወጥቶ የሚገባው ፍርዱ ወደተጻፈበት ቤት ነው። እናቱም ብትሆን ይሉኝታ ይዟታል፤ ሰንበቴ ላይ «ልጅሽስ?» ስትባል ምን እንደምትል ስታስብ ነው ማታ ልጁ ላይ የምትቆጣው። ስለዚህ ከቡድኑ ቀጠሮዎች ቢያንስ አንዱ የቤተሰቡ ቢሆን እላለሁ። ለወላጅ ትምህርት ለመስጠት አይደለም፤ እናቲቱም የራሷን ትንቢት ጽፋ፣ ለአንዲት የማኅበር ጓደኛዋ ተናግራ፣ የሆነውን ይዛ እንድትመጣ ነው። ንስሐ አባት ቤቱ የሚገቡ ከሆነ እሳቸውም ቢያውቁት አይከፋም፤ በዚህ አገር «አይዞህ» ለማለት የእሳቸውን ያህል ሥልጣን ያለው አማካሪ አይገኝም።

ያ የፈጠርነው ልጅ የመጀመሪያ የቤት ሥራው ገበያ ሄዶ ለማያውቃት ሻጭ መናገር ነው እንበል። በወረቀቱ ላይ «ትስቃለች፣ ወይም ታዝንልኛለች፣ ሁለቱም አንድ ነው» ብሎ ጽፏል። ሽንኩርት እያየ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «እኔ እኮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሁለቴ ተፈትኜ አላለፍኩም» ይላታል። ሴትዮዋ ቀና ብላ ታየዋለች። «የእኔም ልጅ፤ ቤት ተኝቷል፣ አልነሣም ብሎኛል» ትለዋለች። «ስንት ኪሎ ላድርግልህ?»